የጅብ ሽንኩርት

ነጭ ሽንኩርት አልወድም። አልወድም ስል እንደ ብዙ ሰው "ትንሽ ቀንሱልኝ" የምል እንዳይመስላችሁ፤ እጸየፈዋለሁ። ታክሲ ውስጥ ከኋላዬ የተቀመጠ ሰው ካዛጋ ምሳው በምን እንደተሠራ አውቃለሁ፤ በዚሁ ምክንያት ወርጄ የቀረውን መንገድ በእግሬ የጨረስኩበት ቀን አለ። መሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ ምሳ ዕቃቸውን የሚከፍቱት ከእኔ ጠረጴዛ ርቀው ነው። "ነጭ ሽንኩርት የሚሸሸው ቡዳ ነው" እያሉ ይቀልዱብኛል። ይቀልዱ። እኔ የማውቀውን ሽታ እነሱም ቢያውቁት ኖሮ እንደዚያ አይስቁም ነበር።

ይህ መጸየፍ የተወለደበት ቦታ አለው፤ ቡራዩ፣ ወደ ገፈርሳ ግድብ በሚወጣው መንገድ ዳር ያለ የኪራይ ግቢ። ባለቤትም አለው፤ የገለቴ ጣቶች።

እናቴን የማውቃት በፎቶ ነው። ሁለተኛ ክፍል የገባሁ ዓመት አባቴ ካሳሁን ከገፈርሳ ማዶ አንዲት ረጅም ሴት ይዞ መጣና "ገለቴ ትባላለች። ከዛሬ ጀምሮ ከእኛ ጋር ናት" አለኝ። ሴትየዋ ጎንበስ ብላ "አካም ጂርታ፣ ያኔት?" አለችና ጉንጬን በሁለት ጣቶቿ ያዝ አደረገችው። ነጭ ሽንኩርት ተክለው የሚሸጡ ገበሬዎች ልጅ ናት፤ ስትልጥና ስትፈለፍል ነው ያደገችው። ሽታው ጣቶቿ ላይ አልነበረም፤ ቆዳዋ ውስጥ ነበር። እንደለቀቀችኝ ሮጬ ታጠብኩ። በሳሙና ደግሜ ታጠብኩ። ልተኛ ጋደም ስል ጉንጬ አሁንም ይሸታል። እንደማልወዳት የወሰንኩት ያኔ ነው።

አባቴ የተማሪዎች ሰርቪስ ሹፌር ነበር። ሚኒባሷ የጋሽ ዲኖ ናት። ጋሽ ዲኖ አስፋልቱ ዳር የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ያላቸው፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ልጃቸው ሚንሃ ከእኔ ጋር አንድ ክፍል፣ አንድ ዴስክ ነበረች። ጠዋት ጠዋት ከሱቁ በር ላይ እናነሳትና ከእኔ ጋር ጋቢና ትቀመጣለች፤ ሌሎቹ ልጆች በዚህ ይቀኑብን ነበር። አንዳንድ ቀን ደግሞ ከእኛ ሰፈር ከአክስቷ ቤት አድራ ከላይ ጀምሮ አብራን ትወርዳለች።

አባቴ ግፊት አለበት ይባል ነበር። ለግፊት ደግሞ ጠዋት በባዶ ሆድ ነጭ ሽንኩርት ፍቱን ነው ይላል፤ ግማሹ ሰፈርም እንደዚያው ይላል። ስለዚህ ከእንቅልፌ የሚቀሰቅሰኝ የዘነዘና ድምፅ ነበር። ገለቴ ሙቀጫዋን ጉልበቶቿ መሐል አድርጋ ጥቂት ፍሬ ትወቅጣለች፤ ማር ጠብ ታደርግበታለች፤ አባቴ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ዓይኑን ጨፍኖ ይውጠዋል። ሙቀጫው ውስጥ የሚቀረውን ነገር ማየት አልችልም ነበር፤ ቢጫ፣ የሚያዳልጥ፣ ከግድግዳው የማይለቅ። አንድ ቀን ያንኑ ማንኪያ ለቅለቅ ብቻ አድርጋ ሻዬን አማሰለችልኝ። ሻዩን ከነስኳሩ ደጅ ወስጄ ደፋሁትና ጠጣሁ አልኳት።

ከዚያ አባቴ ጎንበስ ብሎ ይስመኛል። የምሳመው ትንፋሼን ይዤ ነው። ትንፋሼ ባለቀብኝ ቀን ግን ከሽንኩርቱ ሥር ሌላ ሽታ አገኝ ነበር፤ ቀጭን፣ አፍንጫ የሚነድፍ፣ ክሊኒክ መርፌ ሲወጉን ክንዳችንን በሚጠርጉበት ጥጥ ላይ ያለው ዓይነት። መድኃኒቱ ነው እላለሁ። መድኃኒቱን የሚወስደው ደግሞ እዚያው ግቢ ውስጥ ከእኛ ቀጥሎ ካለችው ከእትዬ ማሪቱ ቤት ነበር፤ ከእንቅልፉ ሲነሳ ፊቱን ሳይታጠብ ጎራ ብሎ ይመጣል። መስኮቷ ላይ ብልቃጦች ተደርድረው ስለማይ እትዬ ማሪቱ ነርስ ትመስለኝ ነበር። ሰዎች ተክዘው ይገቡና እየሳቁ ይወጣሉ፤ ጎበዝ ነርስ ናት ማለት ነው። አባቴ ክንድ ላይ የግፊት መለኪያ ተጠምጥሞ አንድም ቀን አለማየቴን ያስተዋልኩት ካደግሁ በኋላ ነው።

የጅብ ሽንኩርት ቤታችን የገባው በጥቅምት ነው። ገለቴ ቤተሰቦቿን ጠይቃ ስትመለስ በጨርቅ የተቋጠረ ነገር ይዛ መጣችና ከትፋ ሽሮው ላይ ጨመረችው። አባቴ ገና አንዴ ከመጉረሱ ሳቀ።

"ይቺን አውቃታለሁ። ስትቆረጥ ትጮሃለች፣ ዓይን ታስለቅሳለች፣ ከአፍ ግን ወዲያው ትጠፋለች" አላት። "ለእኔ የሚሆነኝ ያኛው ነው፤ ውሎ የሚያድረው።"

ገለቴ አልሳቀችም። ወጡን ወደ እሱ ገፋ አደረገችለት። እኔ የገባኝ ይህኛው ሽንኩርት ለግፊት ደካማ መሆኑ ብቻ ነው።

ኅዳር ላይ፣ አንድ ዓርብ ጠዋት፣ ከገፈርሳ ስንወርድ ያለው መታጠፊያ ጋ ሚኒባሷ ድንገት አስፋልቱን ለቀቀች። ጎኗ ከቦዩ ግንብ ጋር እየተፋጨ ሄዶ ቆመች። ኋላ ያሉት ልጆች ጮኹ። ሚንሃ ከአክስቷ ቤት አድራ ነበርና አጠገቤ ናት፤ ፊቷ ከፊታችን ካለው ብረት ጋር ተጋጨ። ከንፈሯ ለሁለት ተከፍሎ ደሙ ዩኒፎርሜ ላይ ወረደ። ቀድሞ የሚነቃነቅ አንድ የወተት ጥርሷ በደምና በምራቅ ተለውሶ ጭኔ ላይ አረፈ፤ ለብ ያለ ነበር። ላነሳው ፈልጌ እጄ እምቢ አለኝ። እስካሁን ሳስበው ጭኔን እጠርጋለሁ።

አባቴ መሪውን እንደጨበጠ "አህያ ገባብኝ። አያችሁ አይደል? አህያ" አለ።

አየን አልን። እኔ ከሁሉም በላይ ጮክ ብዬ አየሁ አልኩ።

ጋሽ ዲኖ ሱቃቸው በር ላይ ልጃቸውን አቅፈው ሲያወርዱ ፊታቸው ጠቁሮ ነበር። ከንፈሯን አገላብጠው አዩና "አልሐምዱሊላህ፣ ዓይኗን አላገኛትም" አሉ። ከዚያ ዞረው ወደ አባቴ መስኮት ጎንበስ አሉ። አባቴ ፊታቸው ላይ እየተነፈሰ ስለ አህያው ነገራቸው፤ ከየት እንደወጣ፣ እንዴት እንደሳተው። ጋሽ ዲኖ አፍንጫቸውን በሻርፓቸው ሸፍነው ወደ ኋላ ሸሹ።

"ይሄ ሽንኩርትህ፣ ካሳሁን፣ አንድ ቀን ሰው ይገድላል" አሉ።

ዩኒፎርሜን ያጠበችው ገለቴ ናት። ደሙን በቀዝቃዛ ውሃ እያሸች፣ ሳፋው ውስጥ ያለው ውሃ ሮዝ ሆኖ አረፋው ላይ ቡናማ ክር እየተንሳፈፈ፣ ቀና ሳትል ትጠይቀኛለች።

"አህያው ምን ዓይነት ነበር?"

"አላየሁትም።"

"አባትሽ አይታለች ብሎኛል።"

"አባዬ ስላየው ነው አየሁ ያልኩት።"

"የጫነ ነው ባዶውን? ነጂስ አልነበረውም? ሲጮህስ አልሰማሽም?"

"አላየሁም አልኩሽ እኮ" አልኩና ገብቼ ተቀመጥኩ። ሰው ነገር ሲቆፍር ደስ አይለኝም ነበር። በበሩ ሳያት ሸሚዙን ጠምዝዛ ውሃው ካለቀ በኋላም መጠምዘዟን ቀጥላለች። አህያ እንዳልነበረ ግቢው ውስጥ ካለን ሰዎች ሁሉ ቀድማ ያወቀች እሷ መሆኗ ለእኔ የሚታይ ነገር አልነበረም።

በማግሥቱ ቅዳሜ ቢላና ፌስታል ይዛ "ተነሺ፣ ገፈርሳ እንሂድ" አለችኝ። ግድቡን በስተግራ አድርገን በባህር ዛፉ መሐል ወጣንና ከዛፎቹ በላይ ሣሩ የሳሳበት ጥግ ላይ ቆመች። አካባቢውን እንደ ገዛ ጓዳዋ ታውቀዋለች። ሣር ከመሰለኝ ነገር መሐል ቀጭን ቅጠል ለየችና በቢላዋ ዙሪያውን ፈንቅላ ከነአፈሩ አወጣችው። እርጥብ አፈሩ ውስጥ አንድ ወፍራም ትል ይላወሳል። በአውራ ጣቷ ጠረግ አድርጋ ጣለችው።

"ቁሉቢ ወራቤሳ" አለችኝ። "የጅብ ሽንኩርት። ነይ እይ፣ ተማሪ አይደለሽም?"

ከቀሚሷ ኪስ አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት አውጥታ ሁለቱን መዳፏ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው። "የአክስት ልጆች ናቸው" አለች። የቤቱ ፍሬዎቹ ተቃቅፈው ወፍራም ልጣጭ ለብሰዋል፤ የዱሩ ግን አንዲት ድቡልቡል ናት፣ ከጥፍሬ እምብዛም የማትበልጥ፣ ልጣጯ የሚያሳይ ስስ። የቤቱ ቅጠሉ ጠፍጣፋና ሰፊ ነው አለችኝ፤ የዱሩን ግን በጣቴ እንድዳስሰው አደረገች፤ ጠርዙ ላይ የማይታይ ጠጉር አለው። "የቤቱ ሰው ካልተከለው አይበቅልም። ይቺን ማንም አልተከላትም፤ አበባ ታወጣለች፣ ነጭ፣ የምታምር። ልትለዪያቸው ካልቻልሽ አሽትቺያቸው።"

የዱሯን በጥፍሯ ሰንጥቃ አፍንጫዬ ሥር ያዘችልኝ። ሽታው እንደ ጥፊ ነበር። ዓይኔ ነደደ፣ እንባዬ ወረደ፣ ቁርሴን ሣሩ ላይ አስታወኩት። ገለቴ አልደነገጠችም። በዚያው በቆሸሸ ጣቷ አፌን ጠረገችልኝ፤ ያ ከማስታወኩ ባሰብኝ።

"ለምንድነው የምትቆፍሪው?" አልኳት ምራቄን እየተፋሁ።

"ለአባትሽ ቁርስ።"

"ይሄኛው አይሆነኝም ብሏል እኮ።"

"ስለማይሆነው ነው" አለችና ሌላ ቅጠል ለይታ ተንበረከከች።

እንዴት ያለች ክፉ ናት አልኩ በልቤ። የማይሆነውን እያወቀች።

ቤት ስንገባ እትዬ ማሪቱ በሯ ላይ ቁማ ፌስታሉን አየች። ገለቴ ወደ ጓዳ ስትገባ በጣቷ ጠቅሳ ጠራችኝና ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ነገርኳት።

"የጅብ ሽንኩርት?" አለች፤ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ምነው፣ የሰው ሽንኩርት ጠፋ? ልጄ፣ ይሄ ባል ማጥፊያ ነው። የበላው ሰው እግሩ ይብረከረካል፣ ምላሱ ይተሳሰራል፣ ዓይኑ ደም ይለብሳል። አንቺም ከእጇ አትብዪ።"

እግሩ የሚብረከረክ፣ ምላሱ የሚተሳሰር፣ ዓይኑ የቀላ ሰው አውቅ ነበር። ከጥቅምት ጀምሮ እያበላችው ነው ማለት ነው። እትዬ ማሪቱ በየጠዋቱ ለአባቴ የምትቀዳለትን ነገር ምልክት አንድ በአንድ ቆጥራ ለሌላ ሴት ማሸከሟን ዛሬ ሳስበው ድፍረቷ ይገርመኛል፤ ያንገሸግሸኛልም። ያኔ ግን ሕይወት አዳኝ መስላኝ ነበር። አባቴ ሊሞትብኝ ነው፤ የቀረኝ ሰው ደግሞ እሱ ብቻ ነው።

ሰኞ ጠዋት ዘነዘናው ሳይጀምር ነቃሁ። መደርደሪያው ላይ ሁለት ጣሳዎች ነበሩ። ሰማያዊው የዱቄት ወተት ጣሳ የቤቱ ሽንኩርት ነው፤ ቀዩ አዲስ ነው። ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫዬ ስቤ አየኋት። እጇ መጀመሪያ ወደ ሰማያዊው ሄደ። ቆመ። ከዚያ ቀዩን አወረደች። ስትወቅጥ ዓይኗ ያነባ ነበር፤ በክንዷ ጠረገችው። ማሩን ጠብ አደረገችና ማንኪያውን ለአባቴ አቀበለችው።

ከአልጋዬ ወርጄ መሐላቸው ቆምኩ። "አባዬ፣ እንዳትውጠው። የጅብ ሽንኩርት ነው። ከቀዩ ጣሳ ነው ያወጣችው፣ አይቻታለሁ።"

አባቴ ማንኪያውን አፍንጫው ጋ አስጠግቶ አሸተተው። ቀና ብሎ ገለቴን አያት፤ እሷም ዓይኗን አልሰበረችም። ከዚያ እኔን አየኝ፣ በሩ ላይ የተሰቀለውን ዩኒፎርሜን አየ፣ ደረቱ ላይ ያልለቀቀ ፈዛዛ ቡናማ ነገር ቀርቷል። ረዘም ላለ ጊዜ አየው። በኋላ ሳቅ አለ።

"ታዲያ እኔስ ጅብ አይደለሁ?" አለና ዋጠው።

ሚኒባሷ ጋ ስንደርስ ሳመኝ። ትንፋሼን ይዤ ጠበቅሁ፤ ሽንኩርት አልሸተተኝም። የክሊኒኩ ጥጥ ብቻ፣ ጥርት ብሎ። መርዙ ሥራውን ጀምሯል አልኩ።

ጋሽ ዲኖ ሚንሃን ይዘው ሱቁ በር ላይ ቆመዋል። የከንፈሯ ስፌት ጠቁሮ የሞተ ዝንብ የተለጠፈበት ይመስላል። እንደ ወትሮው ሻርፓቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ወደ መስኮቱ ጎንበስ አሉ፤ "እንዴት አደርክ፣ ካሳሁን" አሉ። አባቴ መለሰላቸው። ሻርፑን ቀስ ብለው ዝቅ አደረጉት። እንደገና ቀረቡ። የሚንሃን እጅ ለቀው የመኪናውን በር ከፈቱና ቁልፉን ራሳቸው ነቀሉት።

"ውረድ" አሉ።

"ጋሽ ዲኖ፣ ትንሽ አሞኝ ነው።"

"ስንት ጊዜ ነው ልጆቹን እንደዚህ ሆነህ የጫንሃቸው?"

አባቴ መሪውን ለቀቀ። ከመኪናው ሲወርድ እግሩ ተብረከረከ። እትዬ ማሪቱ እንዳለችው ነው። ከጋቢና ዘልዬ ወርጄ የጋሽ ዲኖን ኮት ያዝኩ።

"እሱ ምንም አላደረገም። እሷ ናት። የጅብ ሽንኩርት አብልታው ነው። ሐኪም ቤት ውሰዱት" አልኳቸው።

ጋሽ ዲኖ ራሴ ላይ እጃቸውን ጫኑ። አባቴን ሲያዩት ያ ሁሉ ቁጣቸው የት እንደገባ አላውቅም። "ልጅህ ፊት አላወራም" አሉት። "ሂድ፣ ቤትህ ግባ። ለማንም አልናገርም፤ ከዛሬ ወዲያ ግን ልጅ የተጫነበት መሪ እንዳትጨብጥ።"

አባቴ ሌላ መኪና አልነዳም። ሰበታ ወንድሙ ዘንድ ሄዶ የአንድ መጋዘን ጥበቃ ሆነ፤ በበዓል በበዓል ይመጣ ነበር፣ ከዚያ በዓሉም እየራቀ ሄደ። የዛሬ አራት ዓመት ጉበቱ ገደለው። ለቅሶ ላይ ሰው ሁሉ "ግፊቱ ነው" እያለ ሲያወራ እኔም ራሴን ነቀነቅሁ። ምን እንደሚጠጣ ያወቅሁት አሥራዎቹ ውስጥ ሆኜ ነው፤ ግን በልቤ ቅደም ተከተሉ ሌላ ነበር። መጀመሪያ አንዲት ሴት የማይሆን ነገር አበላችው፣ ሥራውን አጣ፣ ከዚያ ጠጪ ሆነ። ልጅ ሳለሁ የሠራሁትን ታሪክ ማንም አልነካብኝም፤ እኔም አልነካሁትም።

ገለቴ መሄድ ትችል ነበር። የራሷ ልጅ የላት፣ እኔን አልወለደችኝ። ወንድሟ ሱሉልታ ላይ ካለው መሬት ትንሽ ቆርሶ ሰጣትና እኔን ይዛ ሄደች፤ ነጭ ሽንኩርት ተክላ እየሸጠች እስከ ኮሌጅ አስተማረችኝ። የከፈለችልኝ ሁሉ ይሸት ነበር፤ ደብተሬ፣ ጫማዬ፣ የምረቃ ልብሴ። ከድስቱ ራሴ እየጨለፍኩ በላሁ እንጂ ከእጇ አንዲት ጉርሻ ተቀብዬ አላውቅም። ስትዘረጋልኝ "ጠግቤያለሁ" እላለሁ። በኋላ መዘርጋቷን ተወችው።

ባለፈው እሑድ ልጠይቃት ሱሉልታ ሄድኩ። የጣቶቿ መገጣጠሚያ አብጦ ቢላ መያዝ አቅቷታል፤ ለወጥ የሚሆን ነጭ ሽንኩርት እንድልጥላት ለመነችኝ። ለምና አታውቅም፤ ትንፋሼን ይዤ ተቀመጥኩ። አጥሩ ሥር ከተደረደሩት አሮጌ ሳፋዎች አንዱ ላይ ነጭ አበባ አየሁ። ቅጠሉ ሣር ይመስላል። ጠርዙን ዳሰስኩት፤ ጠጉር አለው።

"ይሄ ያ ነው?" አልኳት።

"እሱ ነው።"

"ለምን ተከልሽው?"

"ያምራል። ደግሞ ለሽሮ አይከፋም" አለች።

ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ አንዷን ነቅዬ በግራ እጄ ጣቶች ጨፈለቅኋት። ያው የገፈርሳው ጥፊ ነው፤ ዓይኔ እስኪጠፋ አለቀስኩ። ከዚያ በግራ ክንዴ ዓይኔን እየጠረግሁ የቤቱን በቀኝ እጄ ብቻ ልጬ ጨረስኩና ሁለቱንም እጆቼን በአንድ ሳሙና፣ በአንድ ውሃ ታጥቤ፣ ምሳው እስኪደርስ መቆየት ስላልፈለግሁ ታክሲ ተሳፈርኩ።

ታክሲው ወደ እንጦጦ መውጣት ሲጀምር ቀኝ እጄ ይሸተኝ ጀመር። ሻርፕ አልፎ፣ ኪስ አልፎ ይሸታል። ትውከቴን እየዋጥኩ እንደ ማምለጫ ግራ እጄን አፍንጫዬ ላይ ጫንኩት። ምንም የለውም። እንደገና አሸተትኩት፤ ጣቶቼን አንድ በአንድ። ያን ሁሉ ያስለቀሰኝ ነገር አንዳች አልተወበትም። ሳሙና ሳሙና ይላል።

ውሎ የሚያድረው፣ ብሎ ነበር አባቴ። ስለማይሆነው ነው፣ ብላ ነበር እሷ። የጥጡ ሽታ ያን ጠዋት ለምን ጥርት ብሎ እንደመጣ፣ ጋሽ ዲኖ ሻርፓቸውን ለምን ዝቅ እንዳደረጉ፣ አንድ ላይ መጣብኝ። ነጭ ሽንኩርቱ ለግፊት አልነበረም፤ ክዳን ነበር። በየጠዋቱ እኔንና ሚንሃን፣ ኋላ የተቀመጡትን ልጆች ሁሉ አሳፍሮ በገፈርሳ መታጠፊያ የሚነዳ ሰካራም መክደኛ። ባሏን ለአሠሪው ልትከስ አልቻለችም፤ ክዳኑን ብቻ በአክስቱ ልጅ፣ በዱሩ፣ ለወጠችው። እኔ ደግሞ ዕድሜ ልኬን የተጸየፍኩት እጇን ነው፤ የአባቴን አፍ አልነበረም። ያን የልጅነት መሳም ሳስታውስ ፊቴን በሻርፑ ፈገፈግሁት። የገዛ አባቴ አስጠላኝ።

"ወራጅ አለ" አልኩ።

ስደርስ ምሳዋን ብቻዋን ልትበላ ቀርባ ነበር። ለምን እንደተመለስኩ አልጠየቀችኝም፤ መሶቡን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። ሳልቀመጥ ጠየቅኋት።

"ሽንኩርቱን የለወጥሽው መጠጡ እንዲሸት ነው። ጋሽ ዲኖ እንዲያውቁ።"

እጇን ከእንጀራው አነሳች። "የዚያችን ልጅ ደም ካጠብኩ በኋላ ምን ላድርግ?" አለች። "ሄጄ እንዳልናገር አፌ እምቢ አለኝ።"

"ለምን አልነገርሽኝም? ያን ሁሉ ዓመት ስጠላሽ።"

"አባትሽን ትወጂው ነበራ።"

"እሱ ደግሞ ምንም ሳያውቅ ዋጠው።"

ገለቴ ቀና ብላ አየችኝ፤ ገርሟታል። "አንቺው ነግረሽው የለ? የቤቱና የዱሩ ምን እንደሚለያቸው ከእኔ በላይ ያውቃል። ዩኒፎርምሽን አየ፣ እኔን አየኝ፣ ዋጠው። መድፋት ይችል ነበር እኮ፣ ያኔቴ። የቤቱ ሽንኩርት ማሪቱ ጋም አይጠፋም።"

ተቀመጥኩ። ገለቴ እንጀራውን ቆረሰች፣ ወጡን አጠቀሰች፣ ባበጡት ጣቶቿ እየታገለች ጠቀለለችው። ከብዙ ዓመት በኋላ እጇን ወደ እኔ ዘረጋች፤ እንደምመልሳት እርግጠኛ ሆና ግማሽ መንገድ ላይ አቆመችው። ጥፍሮቿ ሥር ያ ቢጫ ነገር ገብቷል። ሽታው ከእጇ ቀድሞ አፍንጫዬ ደረሰ። ያስጠላኛል፤ እስክሞት ያስጠላኛል።

አፌን ከፈትኩላት።